ኦቨኑ አልሞቅ ሲል ቦርዱን ከመግዛታችሁ በፊት፦ የኤሌክትሪክ ስቶቭ መቆጣጠሪያ ቦርድ አፈታተሽ

ኦቨኑ አልሞቅ አለ። ወይ ሰዓቱ ጠፋ። ወይ ስክሪኑ ላይ አንድ ፊደልና ቁጥር ወጥቶ ጢጥ ጢጥ ይላል። ደውላችሁ ስትጠይቁ የምታገኙት መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ቦርዱ ሄዷል።» ቦርዱ ደግሞ ከስቶቩ ውድ ክፍሎች አንዱ ነው። ገዝታችሁ ቀየራችሁ እንበል። ኦቨኑ አሁንም አይሞቅም። አንዴ የተገጠመ ኤሌክትሮኒክስ መልሶ የሚቀበል ሱቅ ማግኘት ከባድ ነው።

ቦርድ አይበላሽም አላልኩም። ይበላሻል። ግን ከሱ በፊት መፈተሽ ያለባቸው ርካሽ ክፍሎች አሉ፣ ችግሩም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ስለዚህ የምንሄደው ገንዘብ ከማይጠይቀው ወደ ርካሹ፣ ከርካሹ ወደ ውዱ ነው። ቦርዱ ላይ የምንፈርደው መጨረሻ ላይ፣ ያውም ለክተን።

በዋናነት የማወራው አሜሪካ ቤቶች ውስጥ ስለተለመደው የኤሌክትሪክ ስቶቭ ነው። ከላይ አራት ምድጃ፣ ከታች ኦቨን፣ ከኋላ በኩል ሰዓትና ቁልፎች ያሉት። አገር ቤት ያሉት ባለ 220 ቮልት ስቶቮች የሚለዩበትን እግረ መንገዴን አነሳለሁ። የምትከራዩት ቤት ከሆነ ግን ካቻቢቴ ሳታነሱ ለአከራዩ ንገሩ። ስቶቩ የሱ ነው፣ ጥገናውም የሱ። ዋስትናው ያላለቀ ስቶቭም መፈታት የለበትም።

ኮረንቲውን ቁረጡ

የኤሌክትሪክ ስቶቭ ላይ ያለው 240 ቮልት ነው፣ አገር ቤት 220። ሁለቱም ይገድላሉ። ቁልፉን ማጥፋት አይበቃም። ብሬከሩን አውርዱ፣ ከተቻለም ስፒናውን ከግድግዳው ንቀሉ። ከዚያ በቴስተር ለክታችሁ ዜሮ መሆኑን አረጋግጡ። ቴስተሩ ራሱ መሥራቱን ደግሞ አስቀድማችሁ ኮረንቲ ባለበት ሶኬት ላይ ሞክሩ። የሞተ ቴስተርም ዜሮ ያሳያል።

ስቶቩን ስትጎትቱ ሁለት ሁኑ። ብዙዎቹ የአሜሪካ ስቶቮች ከኋላ እግራቸው ወደፊት እንዳይገለበጡ የሚይዝ ብረት አላቸው። ስትመልሱት እግሩ እዚያ ብረት ውስጥ መግባቱን እዩ። በሩ ተከፍቶ ሕፃን ቢንጠላጠልበት ድስቱ ከነወጡ የሚመጣው ልጁ ላይ ነው።

አንድ ነገር ለይቼ ላስጠንቅቅ። ስቶቩ ኢንዳክሽን ከሆነ ውስጡን አትክፈቱ። እዚያ ያሉት ካፓሲተሮች (ኮረንቲ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ከነገሩ ጦም እደሩ።

ምንም ሳትፈቱ

ብሬከሩን ሙሉ በሙሉ አውርዱትና አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ መልሱት። ቦርዱ ላይ ትንሽ ኮምፒውተር አለ፣ አንዳንዴ ተደናግሮ ይቆማል። በዚህ ብቻ የሚነሳ ስቶቭ ብዙ ነው። ብሬከሩ የበራ የሚመስል ከሆነም ዝም ብላችሁ አትለፉት። የስቶቭ ብሬከር ድርብ ነው፣ ዘሎም መሐል ላይ ቆሞ የበራ ሊመስል ይችላል። እስከ ታች አውርዱት፣ ከዚያ አንሱት።

ቀጥሎ ሰዓቱን ሙሉ። አገር ቤት ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ከአውሮፓና ከቱርክ የሚመጡ ባለ ዲጂታል ሰዓት ኦቨኖች መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ብዙዎቹ ሰዓቱ እስኪሞላ ወይም የእጅ ወይም የድስት ምልክቱ እስኪመጣ ድረስ ኦቨኑን አያስነሱም። መብራቱ ይበራል፣ ሙቀት የለም። ሰው «ቦርዱ ተቃጠለ» ብሎ ባለሙያ ይጠራል፣ ባለሙያውም ሁለት ቁልፍ ተጭኖ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል።

መቆለፊያውን እዩ። የቁልፍ ምስል ካለ ልጆች ተጭነውት ይሆናል፣ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ይዞ መቆየት ይፈታዋል። ቆይቶ እንዲጀምር የታዘዘ ሰዓትም ካለ ሰርዙት። ከሱቅ ማሳያ ላይ የተገዛ ከሆነ ስክሪኑ እየሠራ ሙቀት በማይሰጥ የማሳያ አሠራር ላይ ሊሆን ይችላል። የሻባት አሠራርም አለ። በሰንበት ቁልፍ ለማይነኩ አይሁዶች የተሠራ ነው፣ እስራኤል ብቻ ሳይሆን አሜሪካ በሚሸጡ ብዙ ስቶቮች ላይም ይገኛል። እዚያ ውስጥ ሳያውቁ የገቡ ሰዎች አብዛኞቹ ቁልፎች ሞቱ ብለው ይደነግጣሉ። መውጫው መመሪያው ላይ ተጽፏል።

ስቶቩ ራሱ የሚናገረው

አሁንም ካቻቢቴ አታንሱ። መጀመሪያ ጠባዩን እዩ።

የላይ ምድጃዎቹ በማዞሪያ የሚሠሩ ከሆነ ከቦርዱ ጋር አይገናኙም። ሙሉ ሙቀት ለመስጠት ግን ከሁለት ባለ 120 መስመሮች የሚመጣውን 240 ቮልት ይፈልጋሉ። ስለዚህ አንዱን ምድጃ እስከ መጨረሻ ክፈቱት። ቀልቶ ከጋለ ሁለቱም መስመር ስቶቩ ድረስ እየደረሰ ነው ማለት ነው፣ ችግሩ ኦቨኑ በኩል ነው። ሁሉም ምድጃዎች ካልሞቁና ሰዓቱ ግን ከበራ፣ አንዱ መስመር ጠፍቷል። ቦርዱ የሚኖረው በ120 ቮልት ስለሆነ ግማሽ ኮረንቲ ሲቀር እሱ በርቶ ይቀራል። ይህ ደግሞ የብሬከር፣ የሶኬት ወይም የገመድ ጉዳይ ነው። አንድ ማዞሪያ ብቻ ነው ያስለፋችሁ።

ኦቨኑ ከላይ በኩል (ብሮይል) ይሞቃል፣ ከታች በኩል (ቤክ) አይሞቅም? እንግዲያው ቦርዱ ቢያንስ ነፍስ አለው። ጥርጣሬው በታችኛው ኤለመንት (የሚግለው ብረት) እና እሱን በሚያበራው ሪሌ (ቦርዱ ላይ ያለ ማብሪያ ማጥፊያ) መካከል ጠበበ። ይሞቃል ግን ዳቦው ከላይ አሮ ከውስጥ ሊጥ ይሆናል? ከቦርዱ በፊት ሙቀት የሚለካውን ሴንሰር ወይም ኤለመንቱን አስቡ። ስክሪኑ ሙሉ በሙሉ ጨለመ? የመስመር፣ የፊውዝ ወይም የቦርዱ ኃይል ክፍል ነው። ሳታዙት ይሞቃል? ብሬከሩን አውርዱና ከፈተሻችሁ በኋላ ብቻ መልሱት። በዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ኮድ ካወጣ ጻፉት ወይም ፎቶ አንሱት። ኮዱ በየድርጅቱ ይለያያል። ጀነራል ኤሌክትሪክ በቆዩ ስቶቮቹ ላይ ኤፍ3 ሲል የሴንሰሩ መስመር ተቆርጧል ማለቱ ነው፣ ኤፍ7 ደግሞ ተጭኖ የቀረ ቁልፍ። ፍሪጂዴር ኤፍ10 ሲል ሙቀቱ ከቁጥጥር ወጥቷል፣ ኤፍ11 ሲል ቁልፍ ሾርት አድርጓል፣ ኤፍ30 እና ኤፍ31 ሲል ሴንሰሩን እዩ ማለቱ ነው። ልብ በሉ፣ ከነዚህ አንዱም በቀጥታ «ቦርዱን ቀይር» አይልም። ኮዱ የሚናገረው ቦርዱ ያየውን ነው፣ ጥፋተኛውን አይደለም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ ይኸውላችሁ። ከአሜሪካ ስቶቮች አብዛኞቹ ውስጥ ለጥገና ባለሙያ የተዘጋጀ የታጠፈ ወረቀት አለ። የኮዶቹ ትርጉም፣ የሽቦው ካርታ፣ የየክፍሉ ኦም (ኮረንቲን የመቋቋም ልክ) ሳይቀር ተጽፎበታል። ከታች መሳቢያው ውስጥ፣ ከኋላ ክዳኑ ወይም ከሰዓቱ ጀርባ ፈልጉት። ካገኛችሁት ግማሽ ሥራችሁ አለቀ። ስትጨርሱ ወደ ቦታው መልሱት።

ኮረንቲው እየደረሰ ነው?

ብሬከሩ ወርዶ የኋላ ክዳኑን ፍቱ። ወፍራሙ ገመድ የሚታሰርበትን ቦታ እዩ። ጠቁሯል? ፕላስቲኩ ቀልጧል? ብሎኑ ላልቷል? እዚህ ቦታ መላላት የተለመደ ነው። የላላ ብሎን ይግላል፣ የጋለ ብሎን ይበልጥ ይላላል። መጨረሻው መቃጠል ነው። የተቃጠለ ካለ ማሠሪያውንም ገመዱንም ቀይሩ። ንጹህ ከሆነም አጥብቁት፤ ሳይቃጠል በቅጠል።

ሶኬቱን መለካት የሚለምድ ሰው ካለ ይለካው። አሜሪካ በሁለቱ መስመሮች መካከል 240፣ ከእያንዳንዱ እስከ ኒውትራል 120 ገደማ መምጣት አለበት። አገር ቤት ከፌዝ እስከ ኒውትራል 220 ገደማ። አንዱ መስመር 90፣ ሌላው 150 ካሳየ ኒውትራሉ የሆነ ቦታ ላልቷል። ይህ ስቶቩን ብቻ ሳይሆን ቤቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይፈጃል። አገር ቤት በሶስት ፌዝ መስመር ላይ ኒውትራል ሲቆረጥ ወደ ቤት የሚገባው ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። አምፖሎች ድንገት ቦግ ካሉ ዋናውን አጥፉና ለመብራት ኃይል ደውሉ። የስቶቩ ጉዳይ ይቆይ።

ሴንሰሩ፣ ዋናው ተጠርጣሪ

ኦቨኑ ውስጥ ከኋላ ግድግዳ የወጣ ቀጭን የብረት ዘንግ አለ። እሱ ነው ሴንሰሩ። ቦርዱ ሙቀቱን የሚያውቀው በሱ ብቻ ነው። ሴንሰሩ ከዋሸ ቦርዱም ይዋሻል፣ ሰውም ቦርዱን ይወነጅላል። ዋጋው ደግሞ ከቦርዱ በብዙ ይረክሳል፣ የሚታሰረውም በሁለት ብሎን ነው።

ብሬከሩ ወርዶ እያለ የሴንሰሩን ሽቦ ማገናኛ ከኋላ ፈልጋችሁ ለዩትና በቴስተር ኦም ለኩ። በአሜሪካ ስቶቮች ላይ የተለመደው ሴንሰር በክፍል ሙቀት ከ1,080 እስከ 1,100 ኦም አካባቢ ያሳያል። ቴስተሩ ኦኤል (OL፣ መስመሩ አይገናኝም) ካለ ተቆርጧል። ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሾርት ነው። 1,300 ካለና ወጥ ቤቱ ቀዝቃዛ ከሆነ እየዋሸ ነው፤ ቦርዱ ኦቨኑ የሞቀ ይመስለውና ቀድሞ ያጠፋል። ከኦቨኑ ብረትና ከሴንሰሩ ሽቦ መካከልም ለኩ፣ መገናኘት የለባቸውም። በአውሮፓ ኦቨኖች ላይ ሌላ ዓይነት ሴንሰር ሊኖር ስለሚችል ቁጥሩ በግማሽ ቢያንስ አትደንግጡ፣ ወረቀቱን እዩ።

ልኩ ትክክል ቢመስልም ሲሞቅ የሚቆራረጥ ሴንሰር አለ። ንቀሉትና የዘንጉን ጫፍ ብቻ በረዶ በገባበት ውሃ ውስጥ አቆዩት። ባለ 1,000 ኦሙ ሴንሰር በዜሮ ዲግሪ ልክ 1,000 ገደማ ይላል። ከዚያ በፈላ ውሃ ሞክሩት። ባሕር ጠለል ላይ ላለ ከተማ 1,385 ገደማ ይመጣል። አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ 1,355 ገደማ ይበቃል። ቁጥሩ ሳይዘል ቀስ እያለ ከወጣ ሴንሰሩ ደህና ነው። ሽቦውን እስከ ቦርዱ ድረስ ተከታተሉት። ከኋላ በስለት ብረት የተላጠ ሽቦም ያው ኮድ ያስወጣል።

ኤለመንቱ

አገር ቤት ሬዚስታንስ የሚሉት ነው። ብዙ ጊዜ በዓይን ይታያል፤ ያበጠ፣ የተሰነጠቀ፣ በአንድ ቦታ የነጣ ካለ አልቆለታል። ካልታየ አንዱን ሽቦ ንቀሉና ለኩ። ሒሳቡ ቀላል ነው። ቮልቱን በራሱ አባዙት፣ ለዋቱ አካፍሉት። ባለ 2,500 ዋት ኤለመንት በ240 ቮልት 23 ኦም ገደማ ነው። ባለ 2,000 ዋት በ220 ቮልት 24 ገደማ። ኦኤል ካለ ተቆርጧል።

ከዚያ ከኤለመንቱ ጫፍ እስከ ኦቨኑ ብረት ለኩ። ይህን ብዙዎች ይዘሉታል። አሜሪካ ያለው መስመር ሁለት ሕይወት ያለው ሽቦ ነው፤ ብዙ ስቶቮች ደግሞ ኦቨኑ ሲጠፋ አንዱን ብቻ ነው የሚቆርጡት። ኤለመንቱ ተሰንጥቆ ብረቱን ከነካ በቀረው መስመር ኮረንቲ ይፈሳል። ኦቨኑ ጠፍቶም ይግላል፣ አንዳንዴም ይፈነጥቃል። ሰው ይህን ሲያይ «ሪሌው ተጣበቀ» ብሎ ቦርድ ያዛል። ጥፋተኛው ግን ርካሹ ኤለመንት ነበር።

እግረ መንገዳችሁን ከኋላ በኩል ያለችውን ትንሽ የሙቀት መከላከያ ፊውዝ ለኩ። ዜሮ አካባቢ ማሳየት አለባት። ከተቃጠለች ኦቨኑ ብቻ ወይም ስቶቩ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል፤ ለምን እንደተቃጠለችም መፈለግ አለበት። ብዙ ጊዜ ምክንያቷ ኦቨኑ ራሱን በራሱ የሚያጸዳበት አሠራር ነው። ያኔ ውስጡ እስከ 480 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። ያ ሙቀት ፊውዙን፣ የበሩን መቆለፊያና ቦርዱን ይፈትናል። ኦቨኑን በራሱ ማጽዳት ካለባችሁ ከገና ወይም ከፋሲካ ዋዜማ ሌላ ቀን ምረጡ። እንግዳ ተጠርቶ ዶሮው ተበልቶ እንጂ ከዚያ በፊት አይሁን።

ኦቨናችሁ በጋዝ የሚሠራ ከሆነ የኤለመንቱ ቦታ ላይ የሚግል ማቀጣጠያ አለ። ቀልቶ እየታየ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ እሳት ካልመጣ ማቀጣጠያው ደክሟል። መቅላቱ አያታልላችሁ። በቂ ኮረንቲ ካልሳበ የጋዙ ቫልቭ አይከፈትም። እሱ ይቀየራል፣ ቦርዱ አይነካም።

ቁልፎቹ

ስቶቩ ያለማቋረጥ ጢጥ ጢጥ ካለ፣ ሳይነካ ቁጥር ከቀየረ ወይም አንዱ ቁልፍ ብቻ ካልሠራ የቁልፉን ሽፋን ጠርጥሩ። ከሽፋኑ ወደ ቦርዱ የሚሄድ ጠፍጣፋ ሪባን አለ። ብሬከሩን አውርዳችሁ ሪባኑን ንቀሉት። ክዳኑን መልሳችሁ ኮረንቲውን ስጡና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ኮዱ ካልተመለሰ ጥፋቱ ከቁልፎቹ ነው። ሪባኑ ተነቅሎም ያው ኮድ ከመጣ ወደ ቦርዱ እንሄዳለን። ሪባኑን መልሳችሁ ከመሰካታችሁ በፊት ጫፉን በእርሳስ ላጲስ ቀስ አድርጋችሁ አጽዱት። በዚህ ብቻ የሚድን ስቶቭ አለ።

ስለ እንፋሎት ደግሞ ትንሽ ላውራ፣ የኛን ወጥ ቤት ስለሚመለከት። ሽንኩርት ለሰዓታት እናቁላላለን። እንፋሎቱና ዘይቱ የሚወጣው በቀጥታ ከኋላ ወዳለው ሰዓት ነው። ቦርዱ ያለው እዚያው ጀርባ ነው። ለረጅም ጊዜ የሚበስለውን ወጥ በፊት ምድጃ ሥሩ፣ ማራገቢያውንም አብሩ። ቁልፎቹን ስታጸዱ ውሃውን ጨርቁ ላይ እንጂ ቁልፉ ላይ አትርጩ። በረሮም አለ። ሙቀት ስለሚወድ ቦርዱ ላይ ይቀመጣል፣ ሁለት የቦርድ መስመር ላይ ሆኖም ሾርት ያደርጋል። ክዳኑን ስትከፍቱ ብታገኙት አይግረማችሁ።

አሁን ቦርዱ

እዚህ ከደረሳችሁና ሁሉም ደህና ከሆነ ቦርዱን መጠርጠር ተፈቅዷል። ሽቦ ከመንቀላችሁ በፊት ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። ቀለም ብቻ አትመኑ፣ ሁለት ቀይ ሽቦ ሊኖር ይችላል። በወረቀት ፕላስተር ምልክት አድርጉባቸው። ቦርዱን ጠርዙን ይዛችሁ አውጡት።

በመጀመሪያ በጥሩ ብርሃን እዩት፣ አፍንጫችሁንም ተጠቀሙ። የተቃጠለ ቦርድ ይሸታል። ጫፋቸው ያበጠ ካፓሲተሮች፣ የጠቆረ ወይም የተሰነጠቀ ክብ ሳንቲም የመሰለ ክፍል (ቫሪስተር)፣ ቡናማ የሆነ ቦርድ ፈልጉ። ቫሪስተሩ ከፈነዳ ከመስመሩ ከፍ ያለ ቮልት ገብቷል። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚደርሰው ይኸው ነው። አጠገቡ ያለው ፊውዝም አብሮት ሄዶ ይሆናል። ሁለቱም በራሳቸው ዓይነት ከተተኩ ቦርዱ የሚነሳበት ጊዜ አለ።

ከዚያ ገልብጡትና የሪሌዎቹን እግር እዩ። ሪሌ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ሳጥን ነው፣ ኦቨኑ ሲበራ ጠቅ የሚለው እሱ ነው። ከ10 አምፔር በላይ በውስጡ ስለሚያልፍ እግሩ ይግላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይግላል። ከዓመታት በኋላ የተበየደበት ሊድ ዙሪያውን እንደ ቀጭን ቀለበት ይሰነጠቃል። በዓይን ካልታያችሁ በስልካችሁ ካሜራ አጉሉት። የስቶቭ ቦርድ ሲበላሽ ደጋግሞ የሚታየው ጥፋት ይህ ነው፣ መድኃኒቱም ርካሽ ነው። አሮጌውን ሊድ ምጠጡት፣ አዲስ ፍላክስ (ሊዱ በደንብ እንዲይዝ የሚረዳ ቅባት) ቀቡ፣ በ60 ዋት ገደማ የመበየጃ ብረት እንደገና በይዱት። መስመሩ ወፍራም ስለሆነ ደካማ መበየጃ አያሞቀውም። ብየዳው አብለጭልጮ እግሩን ሙሉ በሙሉ መክበብ አለበት።

ሪሌውን ራሱን ለመለካት ኮረንቲ አያስፈልግም። ሪሌውን የሚያነሳው የጠመዝማዛ ሽቦ ሁለት እግሮች ላይ ጥቂት መቶ ኦም ታገኛላችሁ። ኦኤል ከሆነ ሞቷል። ትላልቆቹ እግሮች መካከል ደግሞ ኦኤል መሆን አለበት። ዜሮ ካለ ውስጡ ተጣብቋል። ሳይታዘዝ የሚሞቀው ኦቨን ምሥጢሩ ይህ ነው። አዲሱ ሪሌ የጠመዝማዛው ቮልት (12 ወይም 24 የሚል ተጽፎበታል)፣ የሚችለው አምፔርና የእግሮቹ አቀማመጥ ከአሮጌው ጋር አንድ መሆን አለበት። አምፔሩ ያነሰ አትግጠሙ።

የሚቀጥለው ልኬት ኮረንቲ እያለ የሚደረግ ነው። በኮረንቲ ሠርታችሁ የማታውቁ ከሆነ ይህን ለባለሙያ ተዉት። የምታውቁ ደግሞ የቴስተሩን መለኪያ ጫፍ በእጃችሁ ይዛችሁ አትለኩ። ብሬከሩ ወርዶ እያለ የቴስተሩን ሽቦ በመቆንጠጫ ኤለመንቱ ጫፎች ላይ እሰሩት፣ ራቁ፣ ብሬከሩን አንሱ፣ ቤክ ላይ 350 ፋራናይት እዘዙና አንብቡ። 240 ካለ ቦርዱ ሥራውን ሠርቷል፣ ኤለመንቱን እንደገና እዩ። ጠቅ ብሎ 240 ካልመጣ የሪሌው ውስጥ ወይም ብየዳው ነው፣ ወይም ሌላውን መስመር የሚቆርጠው ሁለተኛ ሪሌ። ጠቅ የሚል ነገር ጨርሶ ካልተሰማ ወደ ሪሌው ትእዛዝ አይደርስም፤ ያ ጥልቅ የቦርድ ችግር ነው።

ስክሪኑ ጨርሶ ለጠፋ ቦርድ የትራንስፎርመሩን ኮረንቲ የሚገባበት ወገን ለኩ። ኦኤል ከሆነ ተቃጥሏል። በብዙ የአውሮፓና የቱርክ ኦቨኖች ላይ ግን ትራንስፎርመር የለም። በምትኩ አንድ አራት ማዕዘን የፕላስቲክ ካፓሲተር አለ። ከዓመታት በኋላ አቅሙ ይቀንሳል። ያኔ ስክሪኑ ይፈዛል፣ ሪሌው ሊነሳ ሲል ሁሉም ነገር ጠፍቶ ይነሳል። በዚያው ዓይነትና በዚያው ቮልት ይተካል። እንዲህ ዓይነት ቦርድ ላይ ትንሹ ክፍል እንኳ ከፌዙ ጋር ቀጥታ የተያያዘ ነው። 5 ቮልት ነው ብላችሁ ኮረንቲ እያለ ጣታችሁን አታስገቡ።

መጠገን ወይስ መቀየር

ጥፋቱ ሪሌ፣ ብየዳ፣ ካፓሲተር ወይም ፊውዝ ከሆነ ይጠገን። ሞባይልና ቴሌቪዥን የሚሠራ ልጅ ሰፈራችሁ ካለ ቦርዱን ብቻ ይዛችሁለት ሂዱ፣ ምን እንደለካችሁም ንገሩት። «አይሠራም» ከማለት «የቤክ ሪሌ ጠቅ ይላል፣ ኮረንቲ አይወጣም» ማለት ብዙ ያግዘዋል። ዋናው ኮምፒውተር ከተቃጠለ ግን መቀየር ነው።

ስትገዙ የስቶቩን ሞዴል ብቻ አትመኑ። ቦርዱ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር እስከ መጨረሻዋ ፊደል አመሳክሩ። በመልክ አንድ የሆኑ ሁለት ቦርዶች ሊለያዩ ይችላሉ። ታድሶ የሚሸጥ ቦርድ ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ይረክሳል፣ አሜሪካ ደግሞ የእናንተን ልከው አድሰው የሚመልሱ ድርጅቶች አሉ። ስቶቩ ከቆየና የቦርዱ ዋጋ ከአዲስ ስቶቭ ግማሽ ካለፈ እኔ ብሆን አልገዛም።

ከአሜሪካ የተጫነ ስቶቭ

በኮንቴይነር ስቶቭ ለሚልኩ ወገኖች ይህን ልናገር። የአሜሪካው 240 ከሁለት 120 የተሠራ ነው፣ ቦርዱ የሚጠጣው ከአንዱ 120 ብቻ ነው። አገር ቤት ያለው አንድ ፌዝ 220 ነው። ስቶቩን እንዲሁ ካሠሩት ኤለመንቶቹ ይሠራሉ፤ ጉልበታቸው ወደ 84 በመቶ ይወርዳል እንጂ። ቦርዱ፣ የውስጥ መብራቱና ማራገቢያው ግን በ120 ፈንታ 220 ይጠጣሉ። በመጀመሪያው ቀን ይቃጠላሉ። የ120ውን ክፍል ለይቶ በመቀነሻ ትራንስፎርመር የሚያሠራ ኤሌክትሪሺያን ያስፈልጋል። ያም ሆኖ ሰዓቱን ከመስመሩ ምት የሚቆጥር ቦርድ ለ60 ኸርዝ የተሠራ ስለሆነ በኛ 50 ኸርዝ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደኋላ ይቀራል። የ60 ደቂቃ ዳቦ ብትሉት 72 ደቂቃ ይቆያል። ገና ያልተላከ ስቶቭ ካላችሁ እዚያው ሽጡት።

ከገጠማችሁ በኋላ

ክዳኑን ሁሉ መልሱ፣ ከዚያ ብሬከሩን አንሱ። ሰዓቱን ሙሉ። ኦቨኑ መሐል ርካሽ የኦቨን ቴርሞሜትር አስቀምጡና 350 ፋራናይት ላይ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። ሙቀቱ ከፍና ዝቅ ማለቱ ጤናማ ነው፣ አማካዩን ውሰዱ። ልዩነት ካለ ብዙዎቹ ቦርዶች እስከ 30 ወይም 35 ዲግሪ ፋራናይት ድረስ ወደላይም ወደታችም ማስተካከያ አላቸው፣ አደራረጉ መመሪያው ላይ አለ። አዲስ ቦርድ የድሮውን ማስተካከያ ስለማያውቅ ይህን አትዝለሉት። ከዚያ አጥፉትና እስኪቀዘቅዝ አጠገቡ ሁኑ። ጠፍቶ ሙቀቱ መውረድ አለበት።

አገር ቤት መብራት ሲሄድ ስቶቩን ከብሬከሩ አጥፉት፣ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። አሜሪካ ዋናው ፓነል ላይ የሚገጠም የሰርጅ መከላከያ አለ። አሮጌውን ቦርድ ደግሞ አዲሱ ጥቂት ሳምንት እስኪሠራ አትጣሉት። የታደሰ ከገዛችሁ ሻጩ አሮጌውን ካልመለሳችሁ ተጨማሪ ሊያስከፍል ይችላል። ካላስከፈለም ሪሌዎቹ ለመለዋወጫ ይሆናሉ።